የልብ ድካምና የአካል እንቅስቃሴ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ልቡ የደከመ ሰው ማረፍ እንጂ መንቀሳቀስ የለበትም»

የልብ ድካም ማለት ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም ማዳረስ የሚያቅተው ሕመም ነው። ይህ እምነት የመጣው ከሕክምናው ዓለም ራሱ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን የአልጋ እረፍት ያዝዙ ነበር። እረፍቱ ሲራዘም ግን ጡንቻ ይመነምናል፤ ጡንቻ ሲመነምን ቀላሉ ሥራ ሁሉ ይከብዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ውጤቱ የታተመው ኤችኤፍ-አክሽን የተሰኘ ጥናት፣ ሕመማቸው በተረጋጋ 2,331 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በባለሙያ ክትትል የተጀመረ እንቅስቃሴ ለሕይወታቸው እንደማያሰጋ አሳይቷል። እግር እያበጠ፣ በተኙበት ትንፋሽ እያጠረ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሕክምና ይቅደም።

«ችግሩ ልብ ላይ ነው፤ እግር ምን አገባው?»

ብዙ ታማሚዎች ሳይነገራቸው የሚቀረው ይህ ነው። ጤነኛ ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ 20 ሊትር ሊያደርሰው ይችላል። የደከመ ልብ ይህን ያህል መጨመር አይችልም። ነገር ግን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ መደገፊያውን የሚጨብጥ ታማሚ «ትንፋሽ አጠረኝ» ብቻ አይልም፤ «እግሬ ከዳኝ» ይላል። እውነቱን ነው። በሽታው ሲቆይ የእግር ጡንቻ ራሱ ይለወጣል፤ ድካምን የሚቋቋሙት ክሮች ይቀንሳሉ፣ ቶሎ የሚዝሉት ያመዝናሉ፣ በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎችም ይዳከማሉ። ስለዚህ ጡንቻው የደረሰውን ኦክስጅን እንኳ በወጉ አይጠቀምበትም። ሌላ ልብ የተተከለላቸው ሰዎች አቅማቸው ወዲያው የማይመለስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደስ የሚለው፣ ይህ ጡንቻ በልምምድ ይሻሻላል፤ ልቡ እንዳለ ሆኖም ሰውየው ከቀድሞው ርቆ መራመድ ይችላል።

«የልብ አልትራሳውንዱ ጥሩ ከሆነ ድካሙ ስንፍና ነው»

ይህን ለታማሚ መናገር በደል ነው። ልብ ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት የሚረጨው በአልትራሳውንዱ በመቶኛ ይለካል። የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ቁጥራቸው 50 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ልባቸው በደንብ ይጨመቃል፤ ነገር ግን ጠጥሮ ደም ለመቀበል በቅጡ አይላላም። በቁጥሩና ሰው በሚራመደው ርቀት መካከል ያለው ዝምድናም ደካማ ነው። ድካሙ ከቀጠለ የብረት እጥረት መኖሩን ማስመርመር ተገቢ ነው፤ በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ በብዛት ይታያል፣ ይታከማልም።

«ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል»

መጠነኛ ማለክለክ የእንቅስቃሴ ባሕርይ ነው። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ደህና ነው። የልብ ምትን ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች ምቱን ይቀንሱታልና። የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ግን ማቆምና ሕክምና ማግኘት ግድ ነው። ክብደት በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረም፣ ሰውነት ውኃ እያጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል፣ ከልምምዱ በፊት ሐኪም ያማክሩ።