«የማያከራክር ሻምፒዮን» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ በሬዲዮ ስለ አንድ የከባድ ሚዛን ቡጢኛ ሲያወራ «ተሸንፎ ስለማያውቅ የማያከራክር ሻምፒዮን ነው» አለ። እዚህ ጎንደር ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ነበር፤ ስኒዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ማታ ልምምድ ላይ ደግሞ ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ እጁን በፋሻ እየጠቀለለ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ደገመልኝ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቀበቶ የሻምፒዮንነት ምልክት፣ ዝረራ ደግሞ ተጋጣሚን መትቶ ግጥሚያውን ማስቆም ነው፤ ከዚህ በላይ አላስረዳም። በቀጥታ ወደ ቃሉ ልግባ። «የማያከራክር» ማለት በአንድ ሚዛን ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን የሚሾሙት ዋና ዋናዎቹ ድርጅቶች ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ተስማምተዋል ማለት ነው። ዛሬ አራት ናቸው፤ ደብልዩቢኤ፣ ደብልዩቢሲ፣ አይቢኤፍ እና ደብልዩቢኦ። አራቱንም ቀበቶ በአንድ ጊዜ የያዘ ቡጢኛ ማዕረጉን የሚጋራው ሌላ ሰው የለም። ክርክሩ የተዘጋው «ሻምፒዮኑ ማን ነው?» በሚለው ላይ ብቻ ነው። «ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚለው ክርክር እንደተከፈተ ነው። መሸነፍና አለመሸነፍ ደግሞ ከዚህ ውስጥ የሉበትም።

ስሕተቱ ከአማርኛችን የመጣ ይመስለኛል። በዕለት ንግግራችን «ይህ አያከራክርም» ስንል «ግልጽ ነው፣ ማንም አይጠራጠረውም» ማለታችን ነው። የቡጢው ቃል ግን የሚቀርበው ለፍርድ ቤቱ «ክርክር» ነው። ቤት የሚገዛ ሰው «ክርክር የለበትም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የለበትም ቢባል ባለቤቱ አንድ መሆኑን ዐወቀ እንጂ ጣሪያው እንደማያፈስ አላወቀም።

ጎንደር ውስጥ ተቀምጦ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዘመነ መሳፍንትን አስቡ። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ዘውዱ እዚሁ ጎንደር ነበር፤ ዘውድ የደፋውም ንጉሠ ነገሥት ይባል ነበር። ጉልበቱ ግን በየአቅጣጫው ተከፋፍሎ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የየጁው ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ ሰሜንና ትግራይ፣ ደጃዝማች ጎሹ ጎጃም ላይ ነበሩ። ቀደም ባለው ጊዜ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥተው ወርደዋል፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉትም እርሳቸው ናቸው። ዘውድ አልነበራቸውም? ነበራቸው። ንጉሥነታቸው ያከራክር ነበር? እንዴት አያከራክር!

ከዚያ ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ከቋራ ተነሡ። ኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ የካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረጉ። በእኛ ቋንቋ ቀበቶ መሰብሰብ ማለት ይህ ነው፤ ባለቀበቶውን በየተራ፣ እያንዳንዱን ፊት ለፊት ገጥሞ። ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ እንኳ ሸዋ ገና ነበረች፤ ወሎና ሸዋ የዘመቱት ከዘውዱ በኋላ ነው። ስለዚህ የደረስጌው ዘውድ ሦስት ቀበቶ ነው፤ አራተኛው ገና ነበር።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ቃል ይወልዳል። ሚያዝያ 1860 ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲያርፉ የእንግሊዝ ጦር ወደ አገሩ ተመለሰ እንጂ ዙፋኑ ላይ አልተቀመጠም። ንጉሡን ድል ነሥቶ የነገሠ ሰው ስላልነበረ ሐረጉ ተቆረጠ። ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ካሳ ምርጫ በ1863 አድዋ አጠገብ ድል አድርገዋቸው በ1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። በቡጢም እንዲሁ ነው። ጂም ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ሮኪ ማርሲያኖ በ1956፣ ሌኖክስ ሉዊስ በ2004 ማንም ሳያሸንፋቸው ማዕረጉን ይዘው ወጡ፤ ዙፋኑም ባዶ ቀረ። «ሻምፒዮኑን ያሸነፈ ሻምፒዮን» የሚባለው የሐረግ ማዕረግ ቀበቶ ከመሰብሰብ የተለየ መሆኑን ብዙ ተንታኝ አያስተውልም።

ማይክ ታይሰንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1986 በ20 ዓመቱ የደብልዩቢሲን ቀበቶ ወሰደ፤ በ1987 የደብልዩቢኤንና የአይቢኤፍን ጨመረ። በዚያን ጊዜ ደብልዩቢኦ ገና አልተመሠረተም ነበርና ሦስቱ ሙሉ ነበሩ። ሆኖም በ1985 ሻምፒዮኑን ላሪ ሆምስን ያሸነፈው ማይክል ስፒንክስ ነበር፤ ቀበቶውን ድርጅቱ ወሰደበት እንጂ ማንም በሪንግ ውስጥ አልነጠቀውም። ስለዚህ ቀበቶዎቹ ታይሰን ወገብ ላይ፣ ሐረጉ ስፒንክስ ቤት ነበር። ነገሩ የተዘጋው ጁን 27 ቀን 1988 ታይሰን ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ውስጥ ሲዘርረው ነው።

አሁን ተንታኙን ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቀው። «የማያከራክር» የብቃት ስም ከሆነ ሊዮን ስፒንክስን የት ታስቀምጠዋለህ? ሊዮን የማይክል ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 መሐመድ ዓሊን በነጥብ ሲያሸንፍ በሙያ ቡጢ ገና ስምንተኛ ግጥሚያው ነበር። በዚያች ሌሊት በጊዜው የነበሩትን ሁለቱንም ቀበቶዎች ያዘ፤ እንከን የሌለበት የማያከራክር ሻምፒዮን ሆነ። ከዓሊ የሚበልጥ ቡጢኛ ነው የሚል ግን ያኔም አልነበረም፤ በሰባተኛው ወር ዓሊ መልሶ አሸነፈው። በመካከሉ ደብልዩቢሲ ከኬን ኖርተን ጋር አልተጋጠምክም ብሎ ቀበቶውን ከስፒንክስ ወስዶ ለኖርተን ሰጠው። ኖርተን ሻምፒዮን የሆነው በውሳኔ ነው፤ በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ለዓለም ማዕረግ ተጋጥሞ፣ በፎርማን፣ በዓሊና በሆምስ፣ ሦስቱንም ተሸንፏል። ኖርተንን አላቃልልም፤ በ1973 የዓሊን መንጋጋ የሰበረው እርሱ ነው። ቀበቶ ያለው ሁሉ ያሸነፈ አለመሆኑን ግን ከእርሱ በላይ የሚያሳይ የለም።

በተቃራኒው ደግሞ ክሊችኮዎች አሉ። ታናሹ ቭላድሚር ሦስት ቀበቶ፣ ታላቁ ቪታሊ የደብልዩቢሲን አንድ ቀበቶ ለዓመታት ያዙ። እርስ በርሳቸው እንዳይጋጠሙ ለእናታቸው ቃል ገብተው ነበር፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ዘመን ከባድ ሚዛን የማያከራክር ሻምፒዮን አልነበረውም። ከዚህ ተነሥቶ ቭላድሚር ከሊዮን ስፒንክስ ያንሳል የሚል ሰው ካለ ልምምድ ቤቴ መጥቶ ያስረዳኝ።

ወደ «ተሸንፎ አያውቅም» ልመለስ። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸነፈ፤ 43ቱን በዝረራ። እወደዋለሁ፤ ልጆቼን ግራ እጅ ሳስተምር ጎንበስ ብሎ የሚገባበትን መንገድ አሳያቸዋለሁ። ግን መዝገቡን መመዘን የሚሻ ሰው ከፊቱ የነበሩትን ማየት አለበት። ጆ ሉዊስን ሲዘርረው ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። ማዕረጉን የወሰደበት ጀርሲ ጆ ዋልኮት 38 ዓመቱ ነበር፤ እስከ 13ኛው ዙር ድረስ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ የሚመራው ዋልኮት ነበር። እንዲህ ሲሆን የየካቲት 1834ቱ የደብረ ታቦር ጦርነት ትዝ ይለኛል፤ የውቤ ጦር አሸንፎ፣ ራስ ዓሊ ሸሽተው፣ ውቤ ድላቸውን ሲያከብሩ ተማረኩ። ዋልኮትን አንዲት ቀኝ እጅ እንደዚያው አደረገችው። ጆ ሉዊስ ራሱ ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት እ.ኤ.አ. በ1936 በማክስ ሽሜሊንግ ተዘርሯል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሻምፒዮን ሆኖ ማዕረጉን 25 ጊዜ ተከላክሏል፣ ሽሜሊንግንም በ1938 በመጀመሪያው ዙር መልሶ ዘርሮታል። ማርሲያኖ የተከላከለው 6 ጊዜ ነው። እኔ ሉዊስን አስቀድማለሁ። መሸነፍ መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር ነው፤ መዛኝ የሚጠይቀው በማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ከዚያስ በኋላ ምን አደረገ ብሎ ነው።

ጦርነቱ ምሳሌ የማይሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ ጦር ሜዳ ዳኛ አያስቀምጥም። ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ እኔም ከሪንግ ዳር ተቀምጬ ነጥብ የምሰጥ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ በወጣቶች ውድድር ላይ ሰማያዊ የለበሰው ልጅ ሙሉ ዙር ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ተጋጠመ። ጓንቱ የት እንደሚያርፍ አይታየኝም፤ ከጎድን በታች «ድም» የሚል ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር። ዙሩን ለቀዩ ሰጠሁ። ከሌሎቹ ጎኖች የተቀመጡት ዳኞች ለሰማያዊው ሰጥተው ነበር፤ ትክክለኞቹም እነርሱ ነበሩ። ቴሌቪዥን ከላይ ሆኖ የሚያሳየውን ዳኛ ከወንበሩ ላያየው እንደሚችል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳሁም።

አሁን ይህን ይዛችሁ ሜይ 18 ቀን 2024 ሪያድ ሂዱ። የዩክሬኑ ኦሌክሳንደር ኡሲክ እንግሊዛዊውን ታይሰን ፉሪን አሸንፎ ከሌኖክስ ሉዊስ ወዲህ የመጀመሪያው የማያከራክር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። የዳኞቹ ወረቀት እንዲህ ነበር፤ አንዱ 115 ለ112 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ113 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ113 ለፉሪ። በዘጠነኛው ዙር ፉሪ እየተንገዳገደ ገመድ ላይ ወደቀ፤ መሬት አልነካም፤ ግን ያቆመው ገመዱ ስለሆነ የመሀል ዳኛው እንደ ወደቀ አድርጎ ቆጠረበት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ዳኛውም ትክክል ነበር። ያ ቆጠራ ከእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ለፉሪ አንድ ነጥብ ቀንሷል። ነጥቡን መልሱለትና ደምሩ፤ 115 ለ113 ለኡሲክ፣ 114 እኩል፣ 115 ለ113 ለፉሪ። አቻ! አቻ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቀበቶውን ይዞ ይመለሳል፤ የማያከራክር ሻምፒዮንም አይኖርም። ኡሲክ ለማዕረጉ አይበቃም ማለቴ አይደለም፤ በዲሴምበር በተደረገው ሁለተኛ ግጥሚያ ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ሰጥተውታል። እኔ የምለው ማዕረጉ በአንዲት ቆጠራ ላይ ቆሞ እንደነበር ነው። የሰውዬውን ብቃት የሚያሳየው ያ ዙር ራሱ ነው፤ ከእርሱ በቁመትም በክብደትም በጣም የሚበልጥ ሰው ላይ ገብቶ በግራ እጁ ያንገዳገደበት።

ይህን ሁሉ ለዚያ ፋሻ ለሚጠቀልለው ልጅ ነገርኩት። ቀሪውንም ጨመርኩለት፦ ከሪያድ በኋላ አንድ ወር አልፎ ትንሽ ቀን ሲቆጠር የአይቢኤፍ ቀበቶ ከኡሲክ እጅ ወጣ። ማንም አላሸነፈውም፣ ሪንግም አልገባም፤ ዳንኤል ዱቧ የተባለ ቡጢኛ ሻምፒዮን ተባለ፣ ኡሲክም የማያከራክር መሆኑ ቀረ። ጁላይ 19 ቀን 2025 ዌምብሌይ ላይ ዱቧን በአምስተኛው ዙር ዘርሮ እንደገና የማያከራክር ሆነ።

ልጁ ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ታዲያ በመካከሉ ባለው ጊዜ ኡሲክ ምን ጎደለበት?» አለኝ።

«አንድ ቀበቶ» አልኩት። ፋሻውን ጨረሰና ጓንቱን እንዳስርለት ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።