የዝርያ መለያየት ምንድን ነው?

የዝርያ መለያየት ማለት እርስ በርሱ ይራባ የነበረ አንድ የሕያዋን ወገን ተከፋፍሎ፣ ክፍሎቹ መዳቀል እስኪያቆሙ ድረስ የሚራራቁበት ሂደት ነው። «ጥቃቅን ለውጥ መኖሩን እቀበላለሁ፤ አዲስ ዝርያ ግን ከዚያ ሊወጣ አይችልም» የሚለው የተለመደ ሙግት ሁለቱን የተለያዩ ኃይሎች ሥራ አድርጎ ስለሚያይ ይሳሳታል።

ጥቃቅን ለውጥ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ በዳፍኒ ሜጀር ላይ ድርቅ ገብቶ ለስላሳው ፍሬ ሲያልቅ፣ ጠንካራውን ፍሬ መስበር የቻሉት ባለ ትልቅ መንቁር ወፎች በብዛት ተረፉ፤ ጫጩቶቻቸውም መንቁራቸውን ወረሱ። ወፎቹ ግን ያው ዝርያ ናቸው። ወደ አዲስ ዝርያ የሚያሻግረው የመራባት ግንኙነት መቋረጥ ነው፤ ሁለት ወገኖች እስከተዳቀሉ ድረስ የአንዱ ለውጥ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ መዳቀሉ ሲቀር ግን ለውጡ በየፊናው ይጠራቀማል።

ለዚህ እኛ ጎንደሬዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጎርጎራ ላይ ከመረብ የሚራገፈውን፣ በተለምዶ «ነጭ ዓሣ» የሚባለውን ክምር ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ አፉ ወደ ታች የዞረውን፣ ከንፈሩ የወፈረውንና ሌላ ዓሣ ለመዋጥ የሚመች ሰፊ አፍ ያለውን ለይቶ ያገኛል። ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ 15 ያህል የእነዚህን የላቤዮባርበስ ዓሦች ዝርያዎች የለዩ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በሌላ ስፍራ አይገኙም። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ይከለክላል። በሐይቁ ውስጥ ደግሞ አንዱ ከጥልቁ፣ ሌላው ከዳርቻው ይመገባል፤ ከፊሎቹ በክረምት እንደ መገጭ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ሲራቡ፣ ሌሎቹ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታመናል። በመራቢያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ይህን ብርቅ ሀብት መጉዳቱ በእውነት ያሳዝናል።

መለያየት ሁልጊዜ ዝግ ያለ አይደለም። የዳቦ ስንዴ ባለ 28 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ውርስን የሚሸከም ክር) ስንዴ ባለ 14 ክሮሞዞም ከሆነ የዱር ሣር ጋር ተዳቅሎ፣ የሁለቱም ክሮሞዞም ተደምሮ ባለ 42 በመሆኑ የተገኘ ነው። በአብዛኛው ግን ድንበሩ ቀስ በቀስ ስለሚሰመር፣ ገና በመለያየት ላይ ያሉ ወገኖች ለመመደብ ያስቸግራሉ፤ የሰሜን ተራሮችን ዋልያ አንዳንዶቹ ራሱን የቻለ ዝርያ ሲሉት ሌሎች የአይቤክስ (የተራራ የዱር ፍየል) ንዑስ ዝርያ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።