የተቃጠለ ዘይት ቀቡት የሚላችሁን ሰው አትስሙ

ደብረ ማርቆስ ላይ በአናጢነት ስሠራ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ ደጅ የዘነጋውን ወንበርና አግዳሚ ተሸክሞ ይመጣል። መምጣቱስ እሰየው፣ ችግሩ ከወንበሩ ጋር ምክርም ይዞ ነው የሚመጣው። ያውም ሁሌ ያንኑ ምክር።

"ግራጫ ሆኗል፣ በቃ ሞቷል፣ ለማገዶ ነው።" አልሞተም። ፀሐይ የምትበላው የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው፣ አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጭረቱ አቅጣጫ እሹት፣ ዋንዛ ከሆነ ቡናማው ወዲያው ብቅ ይላል፣ ከዚያ በ120 አለስልሱት። የሞተ እንጨት ማወቅ ከፈለጋችሁ የእግሩን ጫፍ በቢላ ውጉት፣ ቢላው ዳቦ እንደወጋ ስልል ብሎ ከገባ በስብሷል፣ ያንን ቆርጣችሁ ሌላ እንጨት ቀጥሉበት።

"በረኪና ያነጣዋል።" ሻጋታውን ይገድለው ይሆናል፣ ግራጫውን ግን አይመልስም፣ ሲበዛ ደግሞ የእንጨቱን ጭረት ያላላዋል። ኦሞና የልብስ ብሩሽ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው፦ "የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ምስጥም አይበላው ውሃም አይገባው።" ይሄን ስሰማ ጨጓራዬ ይነዳል። እሺ፣ ለአጥር እንጨት አባቶቻችን ቀብተውታል፣ አጥር ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። የሞተር ዘይት አይደርቅም እኮ! ወር ቢቆይም ዓመት ቢቆይም ዘይት ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ያልበዋል፣ አቧራ ይለጠፍበታል፣ ከሞተር ያመጣው ጥላሸትና የብረት ብናኝም ለቆዳ አይበጅም። ሲሰለቻችሁ ቀለም ልቀባው ብትሉ ደግሞ ቀለሙ አይዝም፣ ቦታ ቦታውን እየሸሸ ዓይን ዓይን ይሠራል፣ የያዘውም በሁለት ሳምንት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

አንዲት ቡና የሚሸጡ እናት አሉ፣ ደጃቸው ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ አላቸው። ልጃቸው ጎረቤት ካለ ጋራዥ በጀሪካን አምጥቶ ለቀለቀላቸው፣ ያውም ጥምቀት ሊደርስ ሲል። በበዓሉ ቀን ሰው ነጭ ለብሶ ቡና ሊጠጣ ቁጭ አለ፣ ሲነሳ የሁሉም ቂጥ ላይ ጥቁር መስመር። አንዷ ቀሚሱን ገና ያን ቀን ነው የለበሰችው። እትዬ በነጋታው አግዳሚዎቹን በጋሪ አስጭነው መጡ፣ "ልጄ፣ ቀለም ቀባልኝ በቃ" አሉኝ። "እትዬ፣ ቀለም አይዝም" ብል ማን ይስማኝ፣ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) ጠረግኩት፣ በኦሞና በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ በመላጊያ ላግኩት፣ የሚወጣው ፍቅፋቂ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ላይ ሳወጣው እንደገና ወዛ። በሦስተኛው ቀን ነው ገልብጬ ያየሁት፣ ልጁ ሰንፎ ታችኛውን ፊት አልቀባውም! ጣውላው ወፍራም ስለሆነ ዘይቱ አልዘለቀውም ነበር። ብሎኑን ፈታሁ፣ ጣውላውን ገልብጬ አሰርኩት፣ በወረቀት አሽቼ ቀለም ሁለት እጅ ቀባሁት፣ አለቀ። የከፈሉት የቀለም ዋጋና የአንድ ቀን ጉልበት ብቻ ነው (ሁለቱን ቀን ለራሴ ሞኝነት ከፍያለሁ)። እና የእናንተም ጣውላ ካረጀ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት።

ምስጡን ከፈራችሁ ደግሞ እግሩ አፈር እንዳይነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙት፣ የእግሩን ጫፍ ደግሞ ሦስት አራቴ ቀለም አጠጡት፣ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጫፉ ነው።

የግድ ዘይት ካላችሁ ተልባ አለላችሁ፣ አገሩ የተልባ አገር ነው፣ ዝግ ይበል እንጂ የተልባ ዘይት ይደርቃል። በስሱ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉት፣ ክምር ሆኖ ሲደርቅ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት። ፓልም ዘይት ግን ለወጥ ነው፣ እንጨት ላይ አይደርቅም።

"ቫርኒሽ ከቀለም ይሻላል።" ቤት ውስጥ አዎ። ደጅ ላይ ቫርኒሹ ጥርት ያለ ስለሆነ ፀሐይዋን ያሳልፋታል፣ ከስሩ ያለው እንጨት ይጎዳል፣ ቫርኒሹም ይላጣል፣ የእኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ የዋዛ አይደለችም። ቀለም ይጋርዳል። የእንጨቱን መልክ እወዳለሁ ካላችሁ የደጅ ቫርኒሽ ግዙ፣ ሳይላጥ በፊት ደግሞ ድገሙት።

የብረት ወንበር ሲሆን ደግሞ፦ "ዝገቱ ላይ ቀለም ድፋበት።" ከስር መብላቱን ይቀጥላል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ በዚያው ቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡት። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ብረት) ከሆነ ውሃ ውስጡ ገብቶ ይተኛል፣ እግሩ ታች ትንሽ ቀዳዳ ብሱለት ይፍሰስ።

የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ወንበር በሱፐር ግሉ አይያዝም፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። በጋለ ምስማር ግራና ቀኝ ብሳችሁ በቀጭን ሽቦ ስፉት።

እና ደግሞ ይሄን ሁሉ በሐምሌ አትጀምሩት። ዘንድሮ አንዱ በዝናብ መሀል እርጥብ አግዳሚ ቀብቶ፣ በሳምንቱ ደውሎ "የሸጡልኝ ቀለም የውሸት ነው፣ አልደርቅ አለ" ይለኛል። እንጨቱ ደርቆ ነበር ወይ ስለው ዝም።