ደጅ ጥናትና ሥዕል፦ የፖለቲካ ትውውቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ኪነ ጥበብ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ አንድ ሠዓሊ ስም የሚያገኝበት ዋነኛ አደባባይ ሳሎን የሚባለው የፓሪስ ይፋዊ አውደ ርዕይ ነበር። ለሳሎኑ ሥራ የሚመርጡት ዳኞች፣ ለመንግሥት ሥዕል የሚገዙት ሹማምንትና ኒሻን የሚያሰጡት ባለሥልጣናት በአብዛኛው የሚተዋወቁ ሰዎች ስለነበሩ፣ ደጅ መጥናት ከሙያው የማይለይ ሥራ ሆኖ ነበር።

ይህን ሥርዓት ከማንም በላይ የሚያሳየው ባላባቱ ኤሚሊየን ደ ኒወርኬርክ ነው። ራሱም ቀራፂ የነበረው ይህ ሰው የልዕልት ማቲልድ ፍቅረኛ ነበር፤ እርሷ ደግሞ በኋላ ናፖሊዮን 3ኛ ተብሎ የነገሠው የሉዊ ናፖሊዮን የአጎት ልጅ ናት። ኒወርኬርክ በ1849 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ቤተ መዘክሮች ዋና ዳይሬክተር ሆነ፤ ቆይቶም የሳሎኑን ዳኞች በሊቀ መንበርነት መራ። የመንግሥትን ግዢ የሚመራውና ሠዓሊውን የሚዳኘው አንድ ሰው ሲሆን፣ የተበደለ ሠዓሊ ወዴት ይግባኝ ይላል?

በ1863 የሆነውም ይኸው ነው። ዳኞቹ ከቀረበላቸው ሥራ ከግማሽ በላይ ውድቅ ሲያደርጉ፣ አቤቱታው ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን 3ኛ ዘንድ ደረሰ፤ እርሱም የተጣሉት ሥራዎች ለብቻቸው ለሕዝብ እንዲታዩ አዘዘ። የሠዓሊው ኤድዋር ማኔ «ምሳ በሣር ላይ» መሳቂያ የሆነው በዚያ ነው። በዚያው ዓመት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከይፋዊው ሳሎን የሠዓሊውን ካባኔልን «የቬነስ ልደት» ገዛ፤ ካባኔልም የኪነ ጥበባት አካዳሚ አባል ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ በቸርነት ይነሣለታል፤ ነገር ግን መፍትሔውም እንደ በደሉ ሁሉ ከባለሥልጣን ፈቃድ የመነጨ ነበር።

ትውውቅ የጠቀመው ተራ ሠዓሊዎችን ብቻ አይደለም። ታዋቂው ሠዓሊ ዴላክሯ በ1833 የቡርቦን ቤተ መንግሥትን የንጉሥ አዳራሽ እንዲያስጌጥ የታዘዘው፣ ቀድሞ በጋዜጣ ያሞገሰው አዶልፍ ቲዬር ሚኒስትር በሆነበት ጊዜ ነበር። ሆኖም አካዳሚው በሩን የከፈተለት በ1857፣ ተደጋጋሚ ሙከራ ካደረገ በኋላ ነው። ሠዓሊው ኩርቤ ደግሞ በ1870 የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሲሰጠው መንግሥት በኪነ ጥበብ ጉዳይ ሊፈርድ አይችልም ብሎ አልቀበልም አለ።

ሪፐብሊኩ መጥቶም ልማዱ አልጠፋም። ማኔ በ1881 ያንኑ ኒሻን ያገኘው የልጅነት ጓደኛው አንቶናን ፕሩስት የኪነ ጥበባት ሚኒስትር ሲሆን ነው። ከሞተ በኋላም፣ በሠዓሊው ክሎድ ሞኔ አስተባባሪነት በመዋጮ ተገዝታ በ1890 ለመንግሥት የተበረከተችው የማኔ ሥዕል «ኦሎምፒያ» ወደ ሉቭር ቤተ መዘክር የገባችው በ1907፣ የሞኔ ወዳጅ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ ሲያዝዝ ነው።