33 ሰጥቶ 30 የነሳው ዊንስተን

እኛ ኳስ ስንል በእግር ነው። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ግን በእጅ የሚወረወረውን ነው። እዚያ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች የማጥቃቱ መሪ ነው። ለማን ልወርውር? ልሩጥ ወይስ ውጭ ልጣለው? ይህን የሚወስነው በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ያውም መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች እየመጡበት።

ጄሚስ ዊንስተን እ.ኤ.አ. በ2019 ለታምፓ ቤይ ባካኒርስ ሲጫወት 33 የታችዳውን ፓስ ወረወረ፤ ታችዳውን ማለት ኳሱን የተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር አሳልፎ ነጥብ ማስቆጠር ነው። 30 ኳስ ደግሞ በተጋጣሚ ተከላካዮች ተቀማ። በአንድ የውድድር ዘመን ሁለቱንም 30 ያደረሰ ከእሱ በፊት አልነበረም። ቡድኑ 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ስለዚያ ዓመት ዛሬም ከሚወሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ግን አይዋጡልኝም።

«5,109 ያርድ የወረወረ ሰው እንዴት ይወቀሳል?»

ያርዱ፣ ማለትም ውርወራዎቹ ያስገኙት ርቀት ድምር፣ እውነት ነው። በዚያ ዓመት ከሊጉ ሁሉ አንደኛ እሱ ነበር። ግን ቡድን ሲመራ ረጋ ብሎ ይሮጣል፤ ሲመራበት ደግሞ ደጋግሞ ይወረውራል፤ ያርዱም ይቆለላል። እንዲመራበት ያደረገው ራሱ ያስቀማው ኳስ ከሆነስ? ከ30ዎቹ ሰባቱን ተከላካዮቹ ቀምተው፣ በዚያው ሮጠው ነጥብ አስቆጥረውባቸዋል። ፒክ ሲክስ ይሉታል። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ከአትላንታ ጋር እኩል ሆነው ጭማሪ ሰዓት ገቡ። ዊንስተን የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወረ። ዲዮን ጆንስ ቀማና ይዞ ገባ። 28 ለ 22፣ በቃ። 30ኛዋ እሷ ነበረች።

«ዓይኑ ነው እኮ!»

ከዚያ ዓመት በኋላ ዓይኑን በሌዘር መታከሙ ሲሰማ ብዙ ሰው «አሃ!» አለ። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። ችግሩ ታኅሣሥ 2024 መጣ። ዊንስተን ለክሊቭላንድ ተሰልፎ ዴንቨር ላይ 497 ያርድና 4 ታችዳውን ወረወረ። በዚያው ምሽት 3 ጊዜ ተቀማ፤ ሁለቱ ፒክ ሲክስ ነበሩ። 41 ለ 32 ተሸነፉ። ዓይኑ ከዳነ አራት ዓመት አልፎታል። ተከላካዩን ሳያየው ቀርቶ አይመስለኝም፤ አይቶም «አሳልፈዋለሁ» ይላል።

«ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው» የሚሉም አሉ። ብሩስ አሪያንስ ረጅም ኳስ ይወዳል፤ ያልደፈረ ብስኩት አያገኝም የሚል መፈክርም ነበረው። ስለዚህ ትንሽ እውነት አለው። ግን በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ያው አሪያንስ፣ ተቀባዮቹም እነ ማይክ ኢቫንስና ክሪስ ጎድዊን ሆነው፣ በዊንስተን ቦታ የ43 ዓመቱ ቶም ብሬዲ ገባ። 40 ታችዳውን፣ 12 ቅሚያ። የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ካንሳስ ሲቲን 31 ለ 9 ረትተው ወሰዱ። ለሚዛኑ ያህል ታዋቂው ተቀባይ ሮብ ግሮንኮውስኪም መጥቶ ነበር፤ መከላከሉም በጣም ተሻሽሏል። ሁሉን ነገር ብሬዲ አልሠራውም። ነገር ግን ብሬዲ የሚወረወርለት ሰው ሲያጣ ኳሷን መሬት ላይ ጥሎ ለሚቀጥለው ይዘጋጅ ነበር። ዊንስተን ያቃተው ይሄ ነው። ያልተሳካን አንድ ሙከራ አልቋል ብሎ መተው አይሆንለትም።

የመጨረሻው ደግሞ «ድፍረቱን ከወሰድክበት ዊንስተን አይሆንም» የሚለው ነው። በ2021 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አሰልጣኙ ሾን ፔይተን ብዙ እንዲወረውር አላደረጉትም። በ7 ጨዋታ 14 ታችዳውን፣ 3 ቅሚያ ብቻ። ቡድኑም ከሰባቱ አምስቱን አሸነፈ። ክንዱ ያው ክንድ ነበር። ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ግን ጉልበቱ ተጎዳና ዓመቱ በዚያው አለቀበት። ተጋጣሚያቸው ማን ነበር? ታምፓ ቤይ።