ጆርጂያ በአንዴ ሶስት አገረ ገዢ የነበራት ጊዜ (የ1946ቱ ምርጫ)

የ1946ቱ የጆርጂያ አገረ ገዢ ምርጫ (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ከተካሄዱት የግዛት ምርጫዎች በጣም ከተመሰቃቀሉት አንዱ ነው። ያሸነፈው ሰውዬ ቃለ መሃላ ሳይፈፅም ሞተ፣ ከዛ በጥር 1947 ሶስት ሰዎች እኩል ተነስተው ገዢው እኔ ነኝ አሉ። ሰው ሲያወራው እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን ነገሩ የተበላሸው ሰውየው ሲሞት ሳይሆን ገና ድምፅ ሲቆጠር ነው ባይ ነኝ።

ያኔ ጆርጂያ ውስጥ ሪፐብሊካን ለስሙ ነው የነበረው፣ ስለዚህ ዋናው ምርጫ የዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጥበት የውስጥ ምርጫ) ነው፣ እሱን ያለፈ ህዳር ላይ ዝም ብሎ ያልፋል። ፕራይመሪው ሐምሌ 17 ተካሄደ። በስልጣን ላይ የነበረው ኤሊስ አርናል ነበር፣ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 18 ያወረደ፣ ለመምረጥ የሚከፈለውን ግብር ያስቀረ ሰው ነው፣ ግን ህጉ ተከታትሎ መወዳደር ስለሚከለክለው ማሪየታ ያለውን የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ፋብሪካ ይመራ የነበረውን ጄምስ ካርማይክልን ደገፈ። በሌላ በኩል ዩጂን ታልማጅ አለ፣ ቀይ የሱሪ ማንገቻ አድርጎ ገጠር ለገጠር እየዞረ የሚቀሰቅስ፣ ከዛ በፊት ሶስት ጊዜ ያሸነፈ የለየለት ዘረኛ። ጥቁሮች በፕራይመሪ እንዳይመርጡ የሚከለክለውን ደንብ ፍርድ ቤት ገና ማፍረሱ ነበር፣ በዛ ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ጥቁር መራጮች ተመዝግበዋል፣ ታልማጅ ደግሞ ቅስቀሳው ሁሉ ይሄን መልሼ እዘጋለሁ ነው።

ካርማይክል 313 ሺህ ድምፅ አገኘ፣ ታልማጅ 297 ሺህ። ያሸነፈው ታልማጅ።

እንዴት ካላችሁ፣ ጆርጂያ ሰው ሳይሆን ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የግዛቱ ክፍል) ነበር የምትቆጥረው። ከ159ኙ ካውንቲዎች ትልልቆቹ 8ቱ እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ አላቸው፣ ቀጣዮቹ 30 አራት አራት፣ የቀሩት 121 ሁለት ሁለት፣ ድምሩ 410። ካውንቲው ውስጥ አንደኛ የወጣ ነጥቡን ጠቅልሎ ይወስዳል። እንግዲህ አስቡት፣ አትላንታ ያለችበት ፉልተን ካውንቲ በመቶ ሺዎች ይኖሩባታል፣ ሶስት ሚጢጢ የገጠር ካውንቲዎች ሲደመሩ ግን ያው ስድስት ነጥብ ናቸው፣ እኩል። (ዛሬ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተንና ዲካልብ አካባቢ የሚኖረው ሐበሻ ያኔ ቢሆን ድምፁ ምን ያህል እንደሚያወጣ እሱ ይቁጠረው።) ታልማጅ ይሄን ጠንቅቆ ያውቃል፣ የከተማ ባቡር ሃዲድ ያለበት ካውንቲ ድምፅ አያስፈልገኝም ይል ነበር ይባላል። 242 ለ146 በነጥብ አሸነፈ።

ታልማጅ ግን ታሞ ነበር፣ የጉበት በሽታ። ቅርብ ሰዎቹ ምናልባት ቢሞትስ ብለው ህዳር ላይ ጥቂት መራጮች የልጁን የኸርማንን ስም በእጃቸው ወረቀቱ ላይ እንዲፅፉ በዘዴ አደረጉ። እንደፈሩትም ታህሳስ 21 ቀን ሞተ። የግዛቱ ምክር ቤት በእጅ ከተፃፉት ውስጥ ብዙ ድምፅ ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱን እመርጣለሁ አለ፣ ሲቆጠር ካርማይክል 669፣ አንድ ሪፐብሊካን 637፣ ኸርማን 617፣ ሶስተኛ ሆነና አረፈው። ከዛ ከታልማጆች አገር ከቴልፌር ካውንቲ 58 ድምፅ "ተገኘ"፣ ኸርማን 675 ገባ! በኋላ የአትላንታ ጆርናሉ ጋዜጠኛ ጆርጅ ጉድዊን ሄዶ ሲያይ መራጮቹ በፊደል ተራ ነው የተሰለፉት፣ ከመካከላቸው የሞቱም አሉበት። በዚህ ስራው ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመ።

ምክር ቤቱ ጥር 15 በውድቅት ሌሊት በ161 ለ87 የ33 ዓመቱን ኸርማንን መረጠ። አርናል ህጋዊ ተተኪ ካልመጣ አልለቅም አለ፣ ኸርማን የቢሮውን ቁልፍ አስቀየረበት፣ አርናልም ካፒቶሉ (የግዛቱ መንግስት ህንፃ) አዳራሽ መሀል ያለች የመረጃ መስጫ ባንኮኒ ላይ ቢሮውን ከፈተ። ሶስተኛው የመጀመሪያው ምክትል አገረ ገዢ ሆኖ የተመረጠው ሜልቪን ቶምፕሰን ነው፣ ጥር 18 ቃለ መሃላ ፈፀመ፣ አርናልም ለሱ ብሎ ስልጣኑን ለቀቀ። በዚህ ሁሉ መሀል የግዛቱ ማህተም የት ገባ? ያለ እሱ ምንም ወረቀት አይፀድቅም፣ ማህተሙን የሚይዘው ቤን ፎርትሰን ደግሞ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ነው፣ ትራሱ ስር ከቶ ቁጭ አለበት፣ ለማንም አልሰጥም አለ።

መጋቢት 19 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ2 ለቶምፕሰን ፈረደ። ምክንያቱ፣ ሟቹ አብላጫ ድምፅ ስላገኘ ምክር ቤቱ የመምረጥ ስልጣኑ ከመጀመሪያውም የለውም የሚል ነው። ኸርማን ወዲያው ለቆ ወጣ፣ ግን በ1948 ተወዳድሮ ቶምፕሰንን አሸነፈ፣ በኋላም እስከ 1981 ሴናተር ሆነ።

የካውንቲው ቆጠራ እስከ 1963 ቆየ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ግሬይና ሳንደርስ በሚባለው ክርክር ያፈረሰው። 16 ሺህ ድምፅ በልጦ የተሸነፈው ካርማይክል ግን ገዢ ሳይሆን ቀረ።