5,150 ሜጋዋት ሁልጊዜ 5,150 አይደለም

የህዳሴ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ብናባዛው 45,000 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ግን ወደ 15,700 ነው፤ 35 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። ይህ የአቅም አጠቃቀም ምጣኔ ይባላል። ቁጥሩን አይቶ «ተዋሸን» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ተርባይኖቹ የተተከሉት ፍላጎት በሚያሻቅብበት ሰዓት ጭምር እንዲደርሱ ነው። የዓመቱን ኃይል የሚወስነው የዓባይ ውሃ ነው።

እንደ ኦሲሞሲስ ባሉ ነፃ የኢነርጂ ዕቅድ ሶፍትዌሮች ይህ ምጣኔ ለየወቅቱና ለየሰዓቱ ክፍል ይሞላል። ለፀሐይ ኃይል ሌሊት ዜሮ ነው። ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ ደግሞ ለብቻው፣ በዓመታዊው የዝግጁነት ምጣኔ ይገባል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ለፀሐይ ዓመታዊውን ብቻ ከሞላችሁ፣ ሞዴሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም ከፀሐይ መብራት ያመነጫል።